የእንቁራሪት ልብ ላይ አንድ ጠብታ፦ መድኃኒት የልብ ጡንቻን ሲለውጥ በዓይን ማየት

በአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት የፊዚዮሎጂ ላብ ውስጥ 26 ዓመት ሠርቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የላብ ቴክኒሻን ነኝ። ጨው የምመዝነው፣ ክር የምቆርጠው፣ መንጠቆ የምሠራው፣ መምህሩ ከመግባቱ በፊት ሁሉን ነገር ጠረጴዛ ላይ የማሰናዳው እኔ ነኝ። ተማሪዎቹ ጋሼ ይሉኛል። በየዓመቱ ከምናሠራቸው ሙከራዎች መካከል እንደ እንቁራሪት ልብ የምወደው የለም። አድሬናሊን፣ አሴቲልኮሊን፣ ዲጎክሲን የሚባሉ ስሞችን ሸምድዶ የመጣ ተማሪ፣ ጠብታው ልቡ ላይ ባረፈ በሰከንዶች ውስጥ ፊቱ ሲለወጥ አያለሁ።

ይህን ሙከራ እንዴት እንደምትሠሩትና የምታዩትን እንዴት እንደምታነቡት ላሳያችሁ ነው። ከመሣሪያው በፊት ግን አንድ ታሪክ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ ማለዳ ስድስት ጠረጴዛ ላይ ስድስት እንቁራሪት አዘጋጅተን ነበር። ልቦቹ መጀመሪያ ላይ ደህና ይመቱ ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንድ በአንድ ደከሙ። ምቱ አልጠፋም፤ ኃይሉ ነው የጠፋው። ምቱን የምንመዘግብበት መስመር እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ ልክ እንደ ጠፍ መሬት ተዘረጋ። መምህሩ እንቁራሪቶቹ ታመው ይሆናል አለ። እኔ ወደ ሚዛኑ ሄድኩ። የካልሲየም ክሎራይዱ ብልቃጥ እንደታሸገ ተቀምጧል። ልቦቹን የምናርስበትን ሪንገር የሚባለውን ውሃ ሳዘጋጅ ካልሲየሙን ረስቼዋለሁ። ሮጬ አዲስ ሠራሁና በእሱ አጠብናቸው። ከስድስቱ አራቱ ዓይናችን እያየ ተመለሱ።

በኋላ ነው መምህሩ የሪንገርን ታሪክ የነገረኝ። ሲድኒ ሪንገር በለንደን የሚሠራ ሐኪም ነበር። የእንቁራሪት ልብ በጨው ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲመታለት ጨው ብቻውን ልብ ያቆያል ብሎ አሰበ። ለካ ውሃውን የሚያዘጋጅለት ረዳት የተጣራ ውሃ ሳይሆን የለንደንን የቧንቧ ውሃ ነበር የሚጠቀመው። በተጣራ ውሃ ሲደግሙት ልቡ ደከመ። የቧንቧው ውሃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ነው ልቡን ያቆየው። ሪንገር ይህን በ1883 እ.ኤ.አ. ጽፎ አወጣው። የእኔም የዚያ ቀን ስህተት የእሱን ሙከራ መልሶ መሥራት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለተማሪ የምሰጠው አንድ ጥያቄ ነው። የትኛውንም መድኃኒት ስታነሱ፦ ካልሲየሙን ምን አደረገው? ብላችሁ ጠይቁ። የልብ ጡንቻ የሚኮማተረው ካልሲየም ሲደርሰው ነው። የሚላላው ካልሲየሙ ሲነሳለት ነው። አብዛኛው የልብ መድኃኒት፣ በቀጥታም ይሁን በዙሪያ ጥምጥም፣ መጨረሻው እዚያ ነው።

ጎተራውና ገበያው

የኤሌክትሪክ ምልክቱ የጡንቻውን ሴል ሲነካው በሴሉ ቆዳ ላይ ያሉ የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ። ጥቂት ካልሲየም ከውጭ ይገባል። በሰው ልብ ይህ ጥቂት ካልሲየም ራሱ ሥራውን አይሠራም። ሴሉ ውስጥ ያለውን ጎተራ ያስከፍታል እንጂ። ከጎተራው ብዙ ካልሲየም ይፈሳል። ካልሲየሙ ትሮፖኒን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ክሮቹ እርስ በርስ ይሳሳባሉ፤ ጡንቻውም ይኮማተራል። ከዚያ ፓምፕ ካልሲየሙን ወደ ጎተራው ይመልሰዋል። የተረፈውን ደግሞ ሌላ መንገድ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ምት ውስጥ ነው።

የእንቁራሪት ልብ ጎተራው ትንሽ ነው። ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚኖረው። ለእያንዳንዱ ምት የሚያስፈልገውን ካልሲየም በብዛት ከውጭ፣ ከገበያው ይሸምታል። ስለዚህ ያጠባችሁበት ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲለወጥ ወዲያው ይነግራችኋል። እኔ ካልሲየም ስረሳ ልቦቹ በሩብ ሰዓት የደከሙት ለዚህ ነው። ለተማሪ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ልብ የለም።

ውሃውን ማዘጋጀት

ለአንድ ሊትር 6.5 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ 0.14 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ፣ 0.2 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ 0.12 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት 900 ሚሊ ሊትር በሚሆን የተጣራ ውሃ ውስጥ አሟሙ። ካልሲየሙን ለብቻው በትንሽ ውሃ አሟሙትና መጨረሻ ላይ እያማሰላችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ከዚያ እስከ ሊትሩ ሙሉት። ካልሲየሙን ከባይካርቦኔቱ ጋር ደረቁን ቀላቅላችሁ ውሃ ብታፈሱበት ይደፈርሳል። የደፈረሰው ነጭ ነገር ኖራ ነው፤ ልቡ የሚፈልገው ካልሲየም እዚያ ታስሮ ቀረ ማለት ነው። ደፈረሰ? ድፉትና እንደገና ጀምሩ። ላጣራው አትበሉ።

የብልቃጡን ጽሑፍም አንብቡ። ውሃ ያዘለው የካልሲየም ክሎራይድ ዓይነት ከሆነ ሚዛኑ 0.16 ግራም አካባቢ ይሆናል። ደረቁ ዓይነት ደግሞ ክዳኑ ከላላ እርጥበት ከአየር ይጠጣል። ክረምት ላይ አንድ ሳምንት ክፍት የቆየ ብልቃጥ አይቻለሁ፤ ውስጡ እንደ ቀለጠ ስኳር ሆኖ ነበር። ከእሱ 0.12 ግራም ብትመዝኑ ግማሹ ውሃ ነው።

እንቁራሪቱ

ይህ ሙከራ የቤት ውስጥ ሙከራ አይደለም። ፈቃድ ባለው ላብ፣ መምህር ባለበት፣ እጁ በለመደ ሰው ነው የሚሠራው። እንስሳው ምንም እንዳይሰማው መጀመሪያ አንጎሉና አከርካሪው ውስጥ ያለው ነርቭ እንዲሞት ይደረጋል። ይህን ተማሪ እንዲለማመድበት አልሰጥም። ባለሙያው በአንድ እጅ፣ በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል። አንድ እንስሳ ሕይወቱን ሰጥቶናል፤ ስለዚህ ከአንዱ ሁሉንም እንማራለን፣ አናባክንም። አራት ተማሪ በአንድ ልብ ዙሪያ ይቆማል።

አንጎሉ ከሞተም በኋላ ልቡ ይመታል። የምቱ መነሻ እዚያው ልቡ ውስጥ፣ ከኋላው ባለው ቀጭን ከረጢት ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጉርጥ ይዛችሁ አትምጡ። አንድ ዓመት እንቁራሪት የሚያመጣልን ልጅ አጥቶ ግማሹን ጉርጥ አመጣ። አድሬናሊን ላይ ልዩነት አልነበረም። የልብ ድካም መድኃኒት የሆነው ዲጎክሲን ላይ ስንደርስ ግን የጉርጦቹ ልብ ምንም እንዳልነካቸው ይመቱ ነበር። ጉርጥ ቆዳው ላይ የሚያመነጨው መርዝ ከዲጎክሲን ጋር አንድ ወገን ነው። በገዛ መርዙ እንዳይሞት ልቡ ተከላክሎ ነው የተሠራው።

ማሰርና መመዝገብ

ልቡን የሸፈነውን ስስ ሽፋን በጥሩ መቀስ ክፈቱት። የታችኛው ክፍል ጫፍ ላይ ትንሽ መንጠቆ አስገቡ፤ ውስጡ ድረስ እንዳትበሱት፣ ጫፉን ብቻ ያዙ። ከመንጠቆው በክር ምቱን ወደሚጽፈው ዘንግ እሰሩ። እኔ ስጀምር ዘንጉ የሚጽፈው በጥቀርሻ በጠቆረ፣ በሚሽከረከር በርሜል ላይ በተጠቀለለ ወረቀት ላይ ነበር። ማታ ማታ ወረቀት በኩራዝ ጭስ አጠቁር ነበር። አሁን ኮምፒውተር ይመዘግበዋል። ሥዕሉ ያው ነው።

ክሩ ልል ከሆነ ምንም አታዩም። በጣም ከተወጠረ ልቡ ይጎዳል። ትንሽ ሲወጠር ግን ምቱ እንደሚያይል ታያላችሁ። የልብ ጡንቻ ሲለጠጥ በኃይል ይኮማተራል። ኦቶ ፍራንክ ይህንኑ በ1895 እ.ኤ.አ. በእንቁራሪት ልብ ላይ አሳየ፤ ስታርሊንግ በኋላ በውሻ ልብ አጸናው። ለእናንተ ትርጉሙ ይህ ነው፦ አንዴ ውጥረቱን ካስተካከላችሁ እስከ መጨረሻው አትንኩት። በመሀል ክሩን ነክታችሁ ምቱ ቢጨምር መድኃኒቱ ነው ትላላችሁ። ክሩ ነው።

ከዚያ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። በየግማሽ ደቂቃው ሪንገር አንጠባጥቡ፤ ልቡ እንዳይደርቅ። ምቱን ቁጠሩ። በእኛ ላብ ብዙ ጊዜ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 እናገኛለን፤ የቀዘቀዘ ማለዳ ከዚያ ይወርዳል። ቅዝቃዜ ራሱ ልብን ያዘገያል። ስለዚህ ከፍሪጅ የወጣ መድኃኒት በቀጥታ አታንጠባጥቡ።

ከሁሉ በፊት ባዶ ጠብታ ስጡ። መድኃኒት የሌለበት ሪንገር፣ ሦስት ጠብታ። መስመሩ ከተለወጠ ችግሩ እጃችሁ ላይ ወይም ውሃው ላይ ነው። ይህን የዘለለ ቡድን ውጤቱን አላምንም።

መስመሩን ስታነቡ አራት ነገር ተመልከቱ። ቁመቱ ኃይሉን ይነግራችኋል። በምቶቹ መካከል ያለው ርቀት ፍጥነቱን። የአወጣጡና የአወራረዱ ቁልቁለት ጡንቻው ምን ያህል ቶሎ እንደሚኮማተርና እንደሚላላ። ከታች ያለው መነሻ መስመር ደግሞ በምቶች መካከል ሙሉ በሙሉ መላላቱን። ተማሪ ሁሉ ቁመቱን ያያል። መነሻ መስመሩን የሚያይ ጥቂት ነው፤ ብዙ ታሪክ ያለው ግን እዚያ ነው።

ቅደም ተከተሉ

ቶሎ ታጥቦ በሚሄደው ጀምሩ፣ አልለቅ በሚለው ጨርሱ። ከእያንዳንዱ በኋላ መስመሩ ወደ መነሻው እስኪመለስ በሪንገር እጠቡ። አትቸኩሉ። እኔ የማስቀድመው ካልሲየም፣ አድሬናሊን፣ አሴቲልኮሊንና ፖታሲየምን ነው። ከዚያ አሴቲልኮሊንን የሚያግደው አትሮፒንና አድሬናሊንን የሚያግደው ፕሮፕራኖሎል ይከተላሉ። ዲጎክሲን ሁልጊዜ መጨረሻ ነው፤ ከእሱ በኋላ ያ ልብ ለሌላ ሙከራ አይሆንም።

ካልሲየም። 1 በመቶ ካልሲየም ክሎራይድ፣ ሁለት ጠብታ። ምቱ ይረዝማል። ጨምሩ፤ አሁን መነሻ መስመሩን እዩ። ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። ልቡ መኮማተሩን ያውቃል፣ መላላቱን ግን መጨረስ አልቻለም። አብዝታችሁ ከጨመራችሁ ልቡ ተጨብጦ ይቆማል፤ መስመሩ ወደ ላይ እንደወጣ ይቀራል። ከመቆሙ በፊት እጠቡት።

ፖታሲየም። 1 በመቶ ፖታሲየም ክሎራይድ ተቃራኒው ነው። ምቱ ያጥራል፣ ይዘገያል፣ ከዚያ ልቡ ተዘርግቶ፣ ለስልሶ ይቆማል፤ መስመሩ ከታች ይቀራል። ከውጭ ፖታሲየም ሲበዛ ሴሉ ለኤሌክትሪክ ምልክት የሚያስፈልገውን ልዩነት ያጣል። ምልክት ከሌለ የካልሲየሙ በር የሚያንኳኳለት የለም። ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ አንዱ ወደ ላይ የቆመ፣ አንዱ ወደ ታች የቆመ።

ፖታሲየም ያቆመውን ልብ በሪንገር ስታጥቡት ይነሳል። አንዲት ተማሪ ይህን ስታይ "ጋሼ፣ ሞቶ አልነበረም?" አለችኝ። አልሞተም፤ አርፎ ነው። የልብ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ሐኪሞች ይህንኑ ይጠቀሙበታል። ሩማቲክ የልብ ሕመም ያበላሸውን ቫልቭ ለመቀየር ልቡን የሚያቆሙት ፖታሲየም ባለበት ቀዝቃዛ ፈሳሽ ነው። ሲጨርሱ ደም ይመልሱለታል፣ ይነሳል። ኩላሊቱ ደክሞ ፖታሲየሙ ከልክ ያለፈ በሽተኛ ሆስፒታል ሲደርስ ደግሞ በደም ሥር ካልሲየም ይሰጠዋል። ካልሲየሙ ፖታሲየሙን አይቀንስም። ልቡን ጊዜ ይገዛለታል፣ በሌላ መድኃኒት ፖታሲየሙ እስኪወርድ ድረስ።

አድሬናሊን። አምፑሉ አንድ ሚሊ ግራም በአንድ ሚሊ ሊትር ነው። አንዱን ሚሊ ሊትር በ99 ሚሊ ሊትር ሪንገር አቅጥኑ፤ በውሃ አይደለም። ወደ ሮዝ ወይም ቡናማ የዞረ አድሬናሊን ተበላሽቷል፤ ጣሉት። ሁለት ጠብታ። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መስመሩ ይረዝማል፣ ይቀራረባል። ጥሩ ተመልካች ከሆናችሁ አወራረዱንም ታያላችሁ፤ ከበፊቱ ይልቅ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ከካልሲየም ጋር አወዳድሩት። ሁለቱም ምቱን ያረዝማሉ። ካልሲየም ሲበዛ ግን መላላቱ ይበላሻል፤ አድሬናሊን መላላቱንም ያፋጥናል። አድሬናሊን በሴሉ ቆዳ ላይ ያለውን ተቀባይ ሲነካው ውስጥ ሳይክሊክ ኤ ኤም ፒ የሚባል መልእክተኛ ይፈጠራል። መልእክተኛው የካልሲየሙን በር ሰፋ ያደርገዋል፤ ካልሲየሙን ወደ ጎተራ የሚመልሰውንም ፓምፕ ያፈጥነዋል። በፍጥነት ለሚመታ ልብ በፍጥነት መላላት የግድ ነው። አለበለዚያ ደም የሚሞላበት ጊዜ የለውም። ይህን ያህል ታስቦበት የተሠራ ነገር በየዓመቱ ሳየው አይሰለቸኝም።

አሴቲልኮሊን። በዚያው ቀን አዘጋጁት፤ ያደረ አይሠራም። ልቡ ይዘገያል፤ በምቶች መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፣ አንዳንዴ ለጥቂት ሰከንድ ጨርሶ ይቆማል። ይህን ንጥረ ነገር በልብ ላይ የሚያፈሰው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ኦቶ ሎዊ በኦስትሪያ ግራትስ ከተማ ሁለት የእንቁራሪት ልብ ወሰደ። የአንዱን ቬገስ በኤሌክትሪክ ነካ፤ ልቡ ዘገየ። ከዚያ ልብ ላይ ፈሳሹን ወስዶ ምንም ያልተነካው ሁለተኛው ልብ ላይ አደረገው። እሱም ዘገየ። ነርቭ ለልብ የሚናገረው በኬሚካል መሆኑ ያኔ ታወቀ። ውጤቱ በ1921 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር ኖቤል ተሸለመበት። ሐሳቡ የመጣለት በእንቅልፉ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። አንድ ሌሊት ነቅቶ በወረቀት ጫረው፤ ጠዋት ጽሑፉን ማንበብ አልቻለም። በሚቀጥለው ሌሊት ሐሳቡ ሲመለስለት በቀጥታ ወደ ላቡ ሄደ።

ካልሲየሙን ምን አደረገው? አሴቲልኮሊን የፖታሲየም በሮችን ይከፍታል። ምልክቱ ቶሎ ያልቃል፤ የካልሲየም በር ክፍት የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። የአድሬናሊኑንም መልእክተኛ ይቀንሳል። በሰው ልብ ይህ በላይኞቹ ክፍሎችና በምቱ መነሻ ላይ ይበረታል፤ በታችኛው ክፍል ኃይል ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው።

አሁን አትሮፒን ስጡ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ አሴቲልኮሊኑን ድገሙት። ምንም አይሆንም። መቀመጫው ተይዟል። በፕሮፕራኖሎልም አድሬናሊን ላይ ይህንኑ ድገሙ።

የፕሮፕራኖሎል ጥያቄ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንድ ብልህ ተማሪ እጁን ያወጣል። "ጋሼ፣ ይህ መድኃኒት ልብን የሚያዳክም ከሆነ፣ የዚህ ወገን የሆነውን ቢሶፕሮሎል ለልብ ድካም ለምን ይሰጣሉ?" ጥያቄው ትክክል ነው። ለብዙ ዓመት ሐኪሞችም ፈርተውት ነበር። በ1975 በስዊድን ጎተንበርግ ያሉ ሐኪሞች ልባቸው ለደከመ ሰባት በሽተኞች ሰጥተው ሲሻላቸው አዩ። በ1999 ደግሞ ትልልቅ ጥናቶች ዕድሜ እንደሚያረዝም አረጋገጡ። የደከመ ልብ ቀንና ሌሊት በአድሬናሊን ይገረፋል። የደከመን በሬ ብትገርፉት ለጊዜው ይነሳል፤ እያደር ግን ይሞታል። መድኃኒቱ ጅራፉን ይይዝለታል። ስለዚህ በትንሹ ተጀምሮ፣ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እየተባለ ነው የሚጨመረው። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ዘመድ ካላችሁ፣ ተሻለኝ ብሎ በድንገት እንዳያቋርጥ ንገሩት።

ዲጎክሲን። ይህን በጥሞና ተከታተሉ። ጠብታው ካረፈ በኋላ ወዲያው ምንም አታዩም። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ምቱ ቀስ እያለ ይረዝማል። ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይዛባል፤ ያልተጠበቀ ምት በመሀል ይገባል፣ መነሻ መስመሩ ይነሳል።

በሴሉ ቆዳ ላይ ሶዲየምን የሚያስወጣ፣ ፖታሲየምን የሚያስገባ ፓምፕ አለ። ዲጎክሲን ይህን ፓምፕ ይይዘዋል። ሶዲየም ውስጥ ይከማቻል። ሌላው በር ደግሞ ሦስት ሶዲየም አስገብቶ አንድ ካልሲየም የሚያስወጣ የልውውጥ በር ነው። ውስጥ ሶዲየም ከሞላ ልውውጡ ይቀዘቅዛል፤ ካልሲየሙ ሳይወጣ ይቀራል፣ ወደ ጎተራ ይገባል። ጎተራው ሲሞላ ምቱ ይበረታል። ከልኩ ሲያልፍ ግን እህሉ ያለ ጊዜው ይፈሳል። በመሀል ያያችሁት ያልተጠራ ምት እሱ ነው። በመድኃኒቱና በመርዙ መካከል ያለው ርቀት በጣም ጠባብ ነው።

የዚህ ወገን ዘመድ እኛው አገር ይበቅላል። ምረንዝ የሚባለው ዛፍ፣ በኦሮምኛ ቀራሩ የሚሉት፣ ውስጡ ዋባይን አለ። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ከዚህ ዛፍ ወገን የፍላጻ መርዝ ያፈሉ ነበር፤ ስሙም የመጣው ሶማሌዎች ለዚያ መርዝ ከሰጡት ስም ነው። ፍላጻው የገባበት አውሬ የሚሞተው እናንተ መስመሩ ላይ ባያችሁት መንገድ ነው። ቅጠሉን ወይም ሥሩን ቀቅሎ መጠጣት ጨርሶ አይሞከርም።

ዲጎክሲንን ያወቅኩት በላብ ብቻ አይደለም። እናቴ በልብ ድካም ዲጎክሲንና ላሲክስ ትወስድ ነበር። አንድ ዐቢይ ጾም ላይ ምግብ አስጠላት። ያቅለሸልሻታል። ቤተሰቡ ጾሙ ነው አለ፤ እሷም ጾሙ ነው አለች። ሦስተኛው ቀን ማታ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ፣ "ልጄ፣ ይሄ መብራት ዙሪያው ቢጫ ሆኖ ይታየኛል" አለችኝ። ደነገጥኩ። የእንግሊዙ ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ ይህ መድኃኒት ስለሚገኝበት አበባ በ1785 ሲጽፍ፣ ሲበዛ ነገር ሁሉ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ እንደሚታይ አስፍሮ ነበር። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ወሰድኳት። ፖታሲየሟ ወርዶ ነበር። ላሲክስ ሽንት ሲያስወጣ ፖታሲየምም አብሮ ይወጣል። ፖታሲየምና ዲጎክሲን ደግሞ ፓምፑ ላይ ለአንድ መቀመጫ ይሻማሉ፤ ፖታሲየም ሲያንስ ዲጎክሲኑ መቀመጫውን ሁሉ ይይዘዋል። ያው የወሰደችው ክኒን መርዝ ሆነባት። ሐኪሞቹ ዲጎክሲኑን አቆሙ፣ ፖታሲየም ሰጧት፣ በሳምንቷ ምግብ ጠየቀች።

ስለዚህ ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ምግብ ሲያስጠላው፣ ሲያቅለሸልሸው፣ ዓይኑ ቢጫ ሲያይበት ወይም ልቡ ሲዘልበት ጾሙ ነው፣ ጨጓራ ነው ብላችሁ አታልፉት። በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ የሚወስዳቸውን ክኒኖች ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። በራሳችሁ ግን አትቀንሱ፣ አትጨምሩ።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ያሳስበኛል። ተማሪ የረዘመ መስመር ሲያይ ጥሩ መድኃኒት ነው ይላል። ዲጎክሲን በ1997 በወጣ፣ 6,800 ሰው በተካተተበት ጥናት ሰዎች ሆስፒታል የሚገቡበትን ጊዜ ቀንሷል፤ ዕድሜ ግን አላረዘመም። ምትን የሚያጠነክረው ሚልሪኖን በክኒን መልክ ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ ደግሞ ሞትን ጨምሯል። በተቃራኒው በላባችን መስመሩን የሚያሳጥረው የፕሮፕራኖሎል ወገን ሰው አተረፈ። የእኛ ልብ የሚያሳየው የአንድ ከሰዓትን ጉዳይ ነው። ይህን ሪፖርታችሁ ላይ ጻፉት።

ስለ ቡና በየዓመቱ እጠየቃለሁ። ካፌይን ብዙ ሆኖ ልቡ ላይ ሲፈስ ጎተራውን ያስከፍታል፤ በላብ ማየት ይቻላል። አንድ ስኒ ቡና ግን ደማችሁ ውስጥ ያን ያህል አያደርስም። ቡና የሚያነቃችሁ በዋነኛነት ሌላ ተቀባይ ዘግቶ ነው። ጫት ሌላ ነገር ነው። ውስጡ ያለው ካቲኖን ነርቮች የአድሬናሊን ቤተሰብ የሆነውን ኖርአድሬናሊን እንዲለቁ ያደርጋል። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይወጣል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ጫት ሲቅም ሐኪሙ በአንድ በኩል ጅራፉን ይይዝለታል፣ እሱ በሌላ በኩል ይገርፋል።

ስትጨርሱ

እያንዳንዱ መስመር ሥር የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ የጠብታውን ቁጥርና ሰዓቱን ወዲያው ጻፉ። ነገ አስታውሰዋለሁ ያለ ተማሪ አድሬናሊኑን ከካልሲየሙ መለየት አቅቶት ሲመጣ አይቻለሁ። መንጠቆውንና ጠብታ መስጫውን በተጣራ ውሃ ሦስት ጊዜ እጠቡ፤ የዲጎክሲኑን ለብቻው። ጠብታ መስጫው ላይ የተረፈ ዲጎክሲን ለሚቀጥለው ቡድን እንቆቅልሽ ይሆናል። እንስሳውን በተመደበለት ቦታ ቅበሩ። የተረፈውን ሪንገር ለነገ አታስቀምጡ። መጨረሻ ላይ ሚዛኑን ጥረጉና የካልሲየም ክሎራይዱን ክዳን አጥብቃችሁ ዝጉ። እኔ ከመውጣቴ በፊት ዞሬ እንደገና አየዋለሁ።